ስለ ጃቫሪስ ጉልበት እናቱ የሰጠችው ቃል

የምስክር ስም፦ ኦዴሳ ፕሩዊት
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ሃርፐርስ ቤንድ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025

ከላይ ስሜ የተጠቀሰው እኔ በኮሌጁ የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚጫወተው የጃቫሪስ ፕሩዊት እናት ነኝ። ልጄ የጉልበቱን ጉዳት ወሬ በጨዋታ ውጤት ላይ ገንዘብ ለሚያስይዝ ተወራራጅ ሰጥቷል ተብሎ ከቡድኑ መታገዱንና ነፃ የትምህርት ዕድሉን ሊያጣ መሆኑን ስለሰማሁ፣ ሳልጠራ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

እሑድ ጃንዋሪ 19 ቀን ልጄ ምሳ ሊበላ ቤት መጣ። የበረንዳውን ደረጃ ሲወጣ ቀኝ እግሩን ይጎትት ነበር። ሲቀመጥም ጉልበቱ አብጦ ሱሪውን ወጥሮት አየሁ። ብጠይቀው «ምንም አልሆንኩም፣ ማማ። ይልቅ የበቆሎ ዳቦው የት አለ?» አለኝ። ደግሜ ብጠይቀው ተቆጣ።

በትምህርት መጀመሪያ ላይ ኮሌጁ ወላጆችን ሰብስቦ ደንቡን አስረድቶን ነበር። ተጫዋች መወራረድ እንደማይችል፣ የቡድኑን የውስጥ ወሬ በተለይም ጉዳትን ለማንም መንገር እንደሌለበት፣ እኛም በሥራ ቦታና በፀጉር ቤት እንዳናወራ ተነገረን። ይህንን ጠብቄአለሁ። ፋብሪካ ውስጥ አጠገቤ ቆማ ለምትሠራው ሴት እንኳ አልተናገርኩም። ስለ ቤተ ክርስቲያን ግን ማንም አላነሳም፤ እኔም አላሰብኩትም።

ረቡዕ ጃንዋሪ 22 ቀን ማምሻውን በጸሎት ጉባኤ ላይ ፓስተሩ የጸሎት ርዕስ ያለው እንዲናገር ሲጠይቁ ተነሳሁ። በሰው ፊት መናገር ልማዴ አይደለም። የጃቫሪስ ጉልበት ማበጡን፣ በቅዳሜው ጨዋታ መሰለፉንም እንደምጠራጠር ተናግሬ እንዲጸልዩለት ለመንኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን የእህት ልጅ ሮስኮ ቲልማን ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «አሜን! ጌታ ይንካው፣ እህት ኦዴሳ!» ያለው እሱ ነው። ወዲያው ስልኩን ይዞ ወጣ።

ቅዳሜ ልጄ አልተጫወተም፤ ቡድኑም ተሸነፈ። ሮስኮ ይሸነፋሉ ብሎ ገንዘብ አስይዞ እንደነበረና ለጓደኞቹ «ከልጁ ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት» ብሎ እንደጻፈ ያወቅሁት የኮሌጁ ሰዎች ደውለው ሲጠይቁኝ ነው። ቤቱ ድረስ ሄጄ እውነቱን እንዲናገር ለመንኩት። «ከጸሎት ላይ ሰምቼ ነው ያስያዝኩት ብል አጎቴ በሕይወት የሚተወኝ ይመስልሻል? ልጅሽ ገና ወጣት ነው፣ ይረሳለታል» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። በጸሎቱ ዕለት የነበሩትን የቤተ ክርስቲያን እህቶች እንዲመሰክሩልኝ ብጠይቃቸው የዲያቆኑን ቤት አናዋርድም ብለውኛል።

ልጄ ለሮስኮ ቀርቶ ለእኔም አልነገረኝም። ያወራሁት እኔ ነኝ። ቅጣት ካለ በእኔ ላይ እንዲሆን ይጻፍልኝ ስላልኩ መርማሪው ጽፈውልኛል።

ባለፈው ረቡዕ ፓስተሩ እንደ ልማዳቸው የጸሎት ርዕስ ያለው ሲሉ፣ በዕድሜዬ ሙሉ ከነበሩኝ ሁሉ የሚበልጥ ርዕስ ነበረኝ። ሮስኮ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። አልተነሳሁም።

ይህን ጽሑፍ መርማሪው ካነበቡልኝ በኋላ እኔም በጣቴ እየተከተልኩ አንብቤዋለሁ። የጨመርኩትም የደበቅሁትም የለም፤ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኦዴሳ ፕሩዊት
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሳጅን ዌንደል ሃርግሮቭ (ፊርማ)