ስቆጥበው የደረቀብኝ ቀለም

ቀለሙን ካተምኩበት ያልቃል፣ ካላተምኩበት ይደርቃል፤ ታዲያ ይሄን ፕሪንተር እንዴት አድርጌ ልያዘው? እስካሁን አልገባኝም። አሰላ ውስጥ ባለችኝ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ልጄን አዝዬ ነው የምሠራው፤ የምንበላውም ከዚችው ቤት ገቢ ነው። በቀደም አንድ ሽማግሌ የሟች ወንድማቸውን ፎቶ በስልክ ይዘው ከሁሩታ መጡ። አርባው በማግስቱ ነው። እኔ ደግሞ ቀለም ልቆጥብ ብዬ በጥቁር ብቻ ሳትም ሰንብቻለሁ። ያን ቀን በቀለም እንዲያትም ባዘው ቀዩ እምቢ አለና ሟቹ ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ሆነው ወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ወንድሜን እኮ ጎመን አስመሰልሽው!»

«ይቅርታ አባባ፣ አሁን ይስተካከላል» ብዬ ፕሪንተሩ ቀለም እየተፋ ራሱን የሚያጸዳበትን ቁልፍ ደጋግሜ ነካሁት። ልጄ ጀርባዬ ላይ ያለቅሳል። ያ ሁሉ የቆጠብኩት ቀለም ለማጽጃ ብቻ አለቀ! ሽማግሌው «በይ ተይው፣ ሌላ ቤት ልሞክር» ብለው ወጡ። ደንበኛ እንዲህ እየሄደብኝ ልጄን በምን ላሳድግ ነው?

የፕሪንተር ጠጋኙን ብጠራው ሳቀብኝ። «በየጊዜው በቀለም ካላተምሽ የሚተፋበት ቀዳዳ ይደፈናል። ሌዘር የሚባለውን ፕሪንተር ግዢ፤ ቀለሙ ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም» አለኝ።

«ፎቶስ ያወጣል?»

«ርካሹ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ባለቀለሙን አትችይውም።»

እዚህ ሰው ደግሞ የሟችም የሙሽራም ፎቶ በቀለም ካልሆነ አይወስድም። እባካችሁ የሞከራችሁ ንገሩኝ፤ ጥቁርና ነጩን ገዝቼ የፎቶ ደንበኞቼን ልተዋቸው፣ ወይስ በየጠዋቱ ማንም የማይወስደውን ፎቶ እያተምኩ ይሄንን ማሽን ላባብለው?