ከፀጉር ጆንያ ሥር የከረመችው ደብተር

በእኛ ጊዜ ፊዚክስ አልነበረም ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ነበር፣ ስሙን የሚነግረን ነው ያጣነው። እናንተ ነገ ዩኒቨርሲቲ ልትገቡ ልትሰናበቱኝ መጥታችኋልና ተቀመጡ፣ የሠራሁትን ክፋት ላጫውታችሁ። አትሳቁ፣ ገና አልጀመርኩም።

ታዲያ እኔና ታናሽ እህቴ ታደለች እዚሁ ሞላሌ ትምህርት ቤት ገባን። ገባንና እኔ አራተኛ ክፍል ስደርስ አባታችን "አንዳችሁ ቤት ትቅር፣ የበግ ፀጉር የሚፈትል ሰው ጠፋ" አሉ። ማን ቀረች? ዘነቡ ቀረች፣ እኔ። ለምን? እጇ ፈጣን ነው። አያችሁ፣ እጄ ፈጣን በመሆኑ ተቀጣሁ! እኔ ለባና፣ ለብርድ ልብሱ፣ የሚሆን ፀጉር ስፈትል ታደለች እስከ አሥረኛ ዘለቀች፤ እኔ ደግሞ የእሷን አሮጌ መጽሐፍ እየሰረቅሁ፣ ራሴን በራሴ እያስተማርኩ፣ ይኸው ዛሬ ዳዊቱንም ጋዜጣውንም በማንበብ የሚቀድመኝ የለም። እና ታደለች ወለደች፣ ልጇ ወይንሸት አደገች፣ አደገችና ዩኒቨርሲቲ ገባች።

ታዲያ አምና የአባታችን ተዝካር ደረሰና ወይንሸት መጣች። ፈተናዋ ሳምንት ቀርቶታል። ዳሱ ሞልቷል፣ ጠላው ይቀዳል፣ መሪጌታው ልጅቷን ጠሯት።

"ነይ ልጄ፣ ከአጠገቤ ተቀመጪ። ምንድነው የምትማሪው?"

"ፊዚክስ ነው አባ።"

"ስለ ምን ይናገራል?"

"ነገር ለምን እንደሚንቀሳቀስ፣ ለምንስ እንደሚቆም።"

"ወይ ግሩም! ይህችስ የአያቷ ልጅ ናት!" አሉ።

የአያቷ ልጅ! አያቷን አስታምሜ የቀበርኩት እኔ፣ መሶብ ተሸክሜ ቆሜያለሁ። ታደለች ደግሞ አንገቷን እንዲህ ሰበቅ አድርጋ፣ እዩኝ እንዲህ፣ "እታለም፣ ወጥ ጨምሪላቸው እስቲ" አለችኝ። ወጥ ጨምሪ! ጨመርኩ። 

ወይንሸት አንዲት አረንጓዴ ደብተር ነበረቻት። የዩኒቨርሲቲው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ግን እንዲገባት ብላ ሁሉንም በአማርኛ እየመለሰች የጻፈችው እዚያች ላይ ነው። "ያለዚህች ደብተር ወድቄያለሁ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እና በማግስቱ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ስትወርድ አነሳኋትና ከፀጉር ጆንያዬ ሥር ሸጎጥኳት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፣ ሰይጣን ሥራ በዝቶበታል፣ እኔው ነኝ።

ቤቱ ተገለበጠ። ታደለች እየሮጠች መጣች፤ "እታለም፣ አረንጓዴ ደብተር አይተሻል?"

"ደብተር ለእኔ ለፀጉር ፈታይዋ ምን ያደርግልኛል?" አልኳት።

ልጅቷ አለቀሰች። ደስ አለኝ ወይ? በመጀመሪያው ቀን፣ አዎን። በሁለተኛው ቀን ግን በሬን ቀርቅሬ ደብተሯን ገለጥኳት። የቆመ ነገር ካልገፉት አይነሣም፣ የሚሄድም ነገር ካልያዙት አይቆምም ይላል። ይሄንንማ አህያዬም ታውቀዋለች አልኩና አለፍኩት። ቀጥሎ ስለሚዞር ነገር መጣ። የሚዞር ነገር ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ ክብደቱ ከመሃሉ ምን ያህል እንደራቀም ይታያል ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ለራሷ "ወይንሸት አትርሺ፣ ርቀቱን በራሱ አባዢው" ብላ ጽፋለች። ደርቄ ቀረሁ። ዕድሜ ልኬን እንዝርት ሳሾር ኖሬ ይህን የነገረኝ አንድ ሰው የለም! ተዝካሩ ላይ የቀናሁትስ ጨዋታ ነበር፤ የእውነቱ ቅናት ያን ጊዜ ያዘኝ።

ታዲያ በሦስተኛው ቀን ስፈትል ወይንሸት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ሁለቱን እንዝርቶቼን አንሥታ አሾረቻቸው፤ አንደኛው ላይ ያለችው ክብ እንጨት ሰፊና ስስ ናት፣ የሌላኛው ጠባብና ወፍራም።

"እትዬ፣ ክብደታቸውኮ እኩል ነው። ይሄ ጠባቡ ለምን ቶሎ ይቆማል?"

"ፊዚክሷ አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

"ደብተሬ ላይ ነበር፣ ጠፋኝ። ክብደቱ እጥፍ ሲርቅ፣ ለማስነሣትም ለማቆምም እጥፍ ያስቸግራል... እጥፍ መሰለኝ።"

መሰለኝ! ክሩ ከእጄ ተበጠሰ። "ምን እጥፍ ትያለሽ፣ አራት እጥፍ ነው እንጂ! ርቀቱን በራሱ አባዢው!"

እንዝርቶቹን አስቀመጠች።  እና ቀስ ብላ፣ "እትዬ፣ ሰፊው ብዙ እንደሚዞር እንዝርቱ ሊያስተምርዎት ይችላል። 'በራሱ አባዢው' የሚለው ግን ያለው ከእኔ ደብተር ላይ ነው" አለችኝ።

በምን አፌ ልዋሽ? ተነሥቼ ጆንያውን ገለበጥኩት። ደብተሯ ፀጉር ለብሳ ወጣች።

"ለምን?"

"ቀንቼ።"

"በእኔ?"

"በአንቺም፣ በእናትሽም፣ በመሪጌታውም።"

ትጮሃለች፣ እናቷን ትጠራለች ብዬ ስጠብቅ ፀጉሩን ከሽፋኑ ላይ እየለቀመች፣ "ምን ያህሉን አነበቡት?" አለች።

"ሁሉንም።"

"እንግዲያው ይዘው ይጠይቁኝ፤ ነገ ተሳፋሪ ነኝ።"

ጠየቅኳት። በሳተች ቁጥር "ድገሚው!" እያልኩ እንደ የኔታ ተቆጣኋት፣ ደገመችው። ሄደች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። ታደለች እልል ስትል እኔም እልል አልኩ፣ በአፌ ብቻ። ለእናቷም አልነገረችብኝ፤ እሱም ያስቀናኛል፣ እኔ ብሆን እናገር ነበር! እና ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? መሪጌታው ዛሬም ሲያገኙኝ "የእህትሽ ልጅ ጎበዝ ናት" ይሉኛል፤ አራት እጥፉን የነገርኳት እኔ ነኝ እንዳልል ሌብነቴ ይወጣል፤ ዝም እንዳልል ያቃጥለኛል።

"እትዬ ዘነቡ፣ አሁን ለእኛ ነገሩን እኮ! እኔ የመሪጌታው የልጅ ልጅ ነኝ፣ ለአያቴ ብነግራቸውስ?"

"ታዲያ አንቺን ከሁሉ አቅርቤ ያስቀመጥኩሽ ለምን መሰለሽ? ንገሪያቸው! ግን ከስርቆቱ በፊት አራት እጥፉን አስቀድሚ።"