የስኳር አበቦቹ

እኔ በሠራሁት ሌላ ሰው ሲመሰገን ነው ያረጀሁት፤ እንዲህ ያለ ወሬ አያመልጠኝም። በሰው አገር፣ ባሕር ዳር ወዳለው የሀብታሞች ሰፈር ወደ ሀራሙስ በሚሄደው ሚኒባስ ሁለት የአገሬ ልጆች ከፊቴ ተቀምጠዋል። አንዷ የቪላ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ኬኩን ታቅፋለች፤ የጋገረችው ደግሞ የስኳር አበቦቹን በካርቶን ይዛለች።

«አበቦቹንም ስጪኝና አንቺ እዚሁ ውረጂ» አለች ሠራተኛዋ።

«አልሰጥም። ፍሪጅ ከገቡ ያልባቸዋል። እዚያው ደርሼ ራሴ ነኝ የምለጥፋቸው።»

«መለጠፍ መቼ አቃተኝ?»

«እሱን ነው የፈራሁት! ባለፈው ማዳም ‹ብራቮ› ያለችሽ በማን ኬክ ነው?»

«እኔ ሠራሁት አላልኳትም።»

«አልሠራሁትምም አላልሻትም።»

«ተይ እንጂ እህቴ፣ ፀሐዩ መጣብን፤ ክሬሙ ሊቀልጥ ነው። እማማ፣ መጋረጃውን ይሳቡልን!»

«ይቅለጥ! ያኔ የማን ሥራ እንደሆነ ሳትጠየቂ ትነግሪያታለሽ።»

መጋረጃውን ሳልስበው በእጄ እንደያዝኩ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።