የዜኖን ላጲስ

ክቡር አባ፣ የዜኖን ባለቤት ወይዘሮ ብሮኒስዋቫ፣ የከሰል ማዕድኑ ማርሽ ባንድ አባላት፣ በዚህ ጭቃ ላይ የቆማችሁ ሁሉ፤ እንደምን ዋላችሁ።

እኔ ጊንተር ሠላሳ አንድ ዓመት የዜኖን ኮቱላን የሙዚቃ ድርሰት ኖታ በእጄ ገልብጫለሁ። አራት ሲምፎኒ፣ ሁለት የቅዳሴ ሙዚቃ። የትኛውን ጨረሰ? እኔን ጠይቁኝ። አንዱንም አልጨረሰም።

ዋርሶ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሁለተኛው ሲምፎኒ ከዕረፍት በኋላ ሊቀርብ ነው። ሕዝቡ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ዜኖን ላጲሱን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ተመልሰን ተቀመጥን፣ ሙዚቃው ተጀመረ፣ የቫዮላ ተጫዋቾቹ መሐል ላይ ቀጥ አሉ። የኦርኬስትራው መሪ አፈጠጠባቸው። "ኖታው የለም!" አለች አንዷ፣ ጮክ ብላ። ዜኖን አጠገቤ ነው። "አሁን ተሻለ" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

ለዛሬም ማርሽ ጽፏል። ለገዛ ቀብሩ። ባለፈው ማክሰኞ ሆስፒታል አስጠራኝ። ወይዘሮ ብሮኒስዋቫ ያመጡለት የዶሮ ሾርባ ቀዝቅዟል፤ እሱ ይፍቃል።

"የመጨረሻዋን የቱባ መለከት ድምፅ አውጣት፤ ረዝማለች።"

"ዜኖን፣ ግማሹ ኖታ እኮ ተጫዋቾቹ ቤት ነው።"

"ሰብስበዋ!"

"መቼ?"

"ነገ።"

በነጋታው ሞተ።

ትናንት ልምምድ ላይ የተፋቀውን ኖታ የያዘው ግማሹ ባንድ አቆመ፣ የድሮውን የያዘው ግማሹ ቀጠለ። ወይዘሮ ብሮኒስዋቫ ዛሬ ጠዋት ያዙኝ። "ጊንተር፣ እንዲህ እየተጋጫችሁ እንዳትቀብሩት። አንዱን ምረጥ።"

የቱን? አባቱ በዚህ ባንድ ቱባ ይነፋ ነበር። የከሰል አቧራ ሳንባውን በላው። ትንፋሽ አጥሮት የቱባው ድምፅ መሐል ላይ ሲቆረጥበት ዜኖን ፊት ለፊት ተቀምጦ ያይ ነበር። ያችን የመጨረሻ ድምፅ ስለ ረዘመች አይደለም የፋቃት። ይህን ለአሎይዝ ነገርኩት፤ ዛሬ ቱባውን የያዘው እሱ ነው።

"እኔ አባቱ አይደለሁም" አለኝ። "ትንፋሽ አለኝ። እነፋታለሁ።"

ስለዚህ ዜኖን፣ የድሮውን ነው የምንጫወተው። እስከ መጨረሻው። ብትፈልግ ተናደድ፤ እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ተናድጃለሁ።

ላጲስህ ይኸውና። አልጋህ ሥር ወድቆ አገኘሁት። ከአፈሩ ጋር እጥልልሃለሁ። እዚያ የምታርመው አይጠፋም። እዚህ ግን አለቀ። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።

አሎይዝ፣ ትንፋሽህን ሳብ።