የአባቱ አምፕሊፋየር

ከየካ ሚካኤል ወደ ላምበረት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ አንድ ጎልማሳ፣ ዳንቴል የለበሰ አምፕሊፋየር ታቅፎ ተቀምጧል፤ አጠገቡ አንዲት አሮጊት አሉ።

«ወዴት ትወስደዋለህ፣ ልጄ?»

«ለመለዋወጫ የሚገዛኝ ሰው አግኝቼ ነው፣ እማማ። የአባቴ ነበር፤ ከዲሹ ሪሲቨር ጋር ባገናኘው ድምፅ አላወጣ አለኝ።»

«ቀዩንና ነጩን ገመድ የት ሰካኸው?»

«ከሪሲቨሩ ‹አውት› ወደ አምፕሊፋየሩ ‹አውት›። ስማቸው አንድ ስለሆነ የሚገናኙ መስሎኝ።»

«ሁለቱም ካወሩ ማን ይሰማል? አምፕሊፋየሩ ላይ ‹ኢን› የሚለው ውስጥ ስካው እንጂ።»

«ውይ! እርስዎ ይህን እንዴት አወቁ?»

«ሟቹ ባለቤቴ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እሱ ከወንበሩ ሆኖ ይነግረኝ፣ እኔ እሰካ ነበር። ስንቴ ሳበላሽ አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም።»

«ነፍሳቸውን ይማር። እኔ እኮ ዛሬ ላስበልተው ነበር! እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።»

«አሜን። ስትከፍተው ደግሞ ዳንቴሉን አንሳለት፤ እንዳይታፈን።»

«እሺ፣ እማማ። ወራጅ አለ!»

ወርዶ ወደ ቤቱ የሚመልሰውን ታክሲ ሊይዝ አስፋልቱን ተሻገረ።

እኔም ተነስቼ እሱ የለቀቀው ቦታ ላይ፣ እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ።