የአሥራ ሁለት ሰው ጠረጴዛና የሙሴ ሬኔ ባቡር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እልፍነሽ ከገበያ ገብታ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች፣ ጡረታ የወጣውን የባቡር መካኒክ ባሏን ንጋቱን ሳሎን ውስጥ ትልቁ የምግብ ጠረጴዛ አጠገብ መሰርሰሪያ ይዞ አገኘችው።

እልፍነሽ፦ በሳኸው? ጠረጴዛዬን በሳኸው?

ንጋቱ፦ መጀመሪያ ዘንቢሉን አስቀምጪ።

እልፍነሽ፦ ዘንቢሉን አናትህ ላይ ነው የማስቀምጠው! ይሄ ምንድን ነው? ጣቴ ይገባል እኮ!

ንጋቱ፦ ትንሿ ጣትሽ ብቻ ናት የምትገባው። ሽቦ ማሳለፊያ ነው። ለባቡሩ።

እልፍነሽ፦ ለየትኛው ባቡር? የድሮው ባቡር ከቆመ ስንት ዓመቱ! አሁን ደግሞ በእኔ ሳሎን በኩል ሊያልፍ ነው?

ንጋቱ፦ ለትንሹ ባቡር ነው አቦ። አልጋ ሥር ለነበረው። ለሙሴ ሬኔ ሣጥን።

እልፍነሽ፦ ለዚያ የአይጥ ጎጆ? እሱን እኮ ጥዬዋለሁ።

ንጋቱ፦ ጣልሽው፤ አነሳሁት። ሁለት ጊዜ።

እልፍነሽ፦ እሰይ! የሰው ባል ስድሳ ስድስት ሲሞላው ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ የኔው አሻንጉሊት ይጎትታል።

ንጋቱ፦ አሻንጉሊት አትበይው። ሞዴል ነው። ሞተር አለው፣ መብራት አለው። እያንዳንዱ ፉርጎ ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያንሳል እንጂ ልክ ራሱ ነው።

እልፍነሽ፦ ያንተም ጭንቅላት ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያንሳል። እሱንስ ማን ይለካልህ?

ንጋቱ፦ ስደቢኝ፣ ግን ስሚኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጥገና ክፍል እንደተቀጠርኩ ፈረንሳዊው አለቃዬ ሙሴ ሬኔ እሁድ እሁድ ቪላው ይወስደኝና ሀዲድ ያስቀጥለኝ ነበር። ወደ አገሩ ሲሄድ ሣጥኑን ለኔ ተወልኝ። እኔ ግን ወለል ላይ ክብ ዘርግቼ ከማዞር በቀር አንድ ቀን እንኳ የራሱ ገበታ ኖሮት አያውቅም። ሂሩት ስትወለድ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

እልፍነሽ፦ አሃ፣ ጥፋቱ የልጅቷ ሆነ?

ንጋቱ፦ አልጋዋ ቦታውን ያዘው አልኩ እንጂ ጥፋቷ ነው አላልኩም።

እልፍነሽ፦ አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ የሕፃን አልጋ ቂም ይዘህ ከኔ ጋር ስትበላ ኖርክ በለኛ! ለመሆኑ ይሄን ጠረጴዛ ታውቀዋለህ?

ንጋቱ፦ የገጣጠምኩት እኔ አይደለሁ?

እልፍነሽ፦ አንተማ ብሎን አጠበቅክ። ከጅቡቲ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስድስት እግር፣ በሦስት ጉዞ! ሁለት ሁለቱን ቀሚሴ ሥር ከጭኔ ጋር አስሬ። የጉምሩኩ ፊናንስ «ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ የምትሄጂው?» ሲለኝ «ጉልበቴን ታምሜ ነው ልጄ» እያልኩ።

ንጋቱ፦ አሁን ደግሞ ገበታውን ልትነግሪኝ ነው።

እልፍነሽ፦ እነግርሃለሁ! ገበታውን የፉርጎ ወለል ላይ አንጥፈን ሰባት ሴቶች ተቀመጥንበት፣ ከደዋሌ እስከ ድሬ። ፊናንሱ ጫማውን እንዳደረገ ቆመበት። ጠረጴዛው ላይ ቆሞ «ሌላ ዕቃ የላችሁም?» ብሎን ወረደ። እንደዚያ ሆኖ ጭረት ሳይነካው የገባን ጠረጴዛ ነው አንተ ጡረታ ወጥተህ የምትበሳው?

ንጋቱ፦ ያኔ ሰባት ሴት ተቀምጦበታል። ከዚያ ወዲህስ? ላስቲክ ለብሶ ቆሞ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔና አንቺ የምንበላው ማድቤት፣ በርጩማ ላይ ነው።

እልፍነሽ፦ ለልጆቹ ነው የተቀመጠው።

ንጋቱ፦ አውቃለሁ ለልጆቹ እንደሆነ።

እልፍነሽ፦ ካወቅህ ቁጠር። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ሂሩት ከአዳማ፣ ከነባሏ፣ ከነሦስት ልጆቿ አምስት። ሄኖክ ከባሕር ዳር፣ ከነሚስቱ፣ ከነሁለቱ ልጆቹ አራት። አንተና እኔ ስንጨመር አሥራ አንድ።

ንጋቱ፦ አሥራ ሁለተኛውስ?

እልፍነሽ፦ እንግዳ አይጠፋም። ዛሬ ገበያ የሄድኩትስ ለምን መሰለህ? አሥራ ሁለት ሳህን ገዛሁ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሲመጡ ለሂሩት ባል አበባ ያለው፣ ለሄኖክ ሚስት ዳሩ የተሸረፈው ደርሷቸው አፍሬ ነበር።

ንጋቱ፦ በዘንቢሉ ያለው ሳህን ነው?

እልፍነሽ፦ ታዲያ ድንጋይ ነው? ምነው ፊትህ ጠቆረ?

ንጋቱ፦ ከባድ ነው፤ አስቀምጪው አልኩሽ እኮ።

እልፍነሽ፦ የት ላስቀምጠው? ጠረጴዛው ላይ እንዳላስቀምጥ ሽቦ፣ ካቻቪቴ፣ ሰጋቱራ! ይሄስ ምንድን ነው? የሰበካችን ካላንደር ጀርባ ላይ ማነው እንደዚህ የሞነጫጨረበት?

ንጋቱ፦ ፕላኑ ነው። እንዳታጨማድጂው! ሁለት ሳምንት ነው የሠራሁት።

እልፍነሽ፦ የሸረሪት ድር ለመሥራት ሁለት ሳምንት? ሸረሪት እንኳ ቶሎ ትጨርሳለች።

ንጋቱ፦ ላሳይሽ። ገበታው ሦስት ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሃያ ነው። ዋናው መስመር ዙሪያውን ይዞራል። ኩርባውን ካጠበብኩት ባቡሩ ስለሚወድቅ፣ ከጠርዙ አራት ጣት ብቻ ነው የሚርቀው። እዚህ ጋ ማዞሪያ አለ። በማዞሪያው ይወጣና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንት መስመር ይሆናል።

እልፍነሽ፦ ስምንቱም የት ነው የሚሄዱት?

ንጋቱ፦ ጥገና ክፍል።

እልፍነሽ፦ ሁሉም?

ንጋቱ፦ አንዱ ቀለም ቤት ነው።

እልፍነሽ፦ ጣቢያውስ?

ንጋቱ፦ የምን ጣቢያ?

እልፍነሽ፦ ሰው የሚሳፈርበት ነዋ!

ንጋቱ፦ እሱን... እሱን ገና አላሰብኩበትም።

እልፍነሽ፦ ወይኔ ጉዴ! ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ሥር ተጋድመህ ስትኖር ባቡር ሰው እንደሚጭን አልሰማህም?

ንጋቱ፦ እኛ ጋ ሲመጣ ሁልጊዜ ባዶውን ነበር።

እልፍነሽ፦ ስለዚህ የአንተ ባቡር ከጥገና ይወጣል፣ አንዴ ይዞራል፣ ተመልሶ ጥገና ይገባል።

ንጋቱ፦ እንደዚያ ሲባል ደስ አይልም።

እልፍነሽ፦ እንዴት ሲባል ነው ደስ የሚለው? ለነገሩ ምን ታደርግ፣ አንድ ቀን ተሳፍረህ አታውቅ።

ንጋቱ፦ ተሳፍሬ አውቃለሁ። እስከ ሽንሌ።

እልፍነሽ፦ ሽንሌ! እዚህ ደጅ ቆሜ ብጣራ የምሰማበት አገር! እኔ ጅቡቲን እንደ ጓሮዬ ስመላለስ፣ የመካኒኩ ጌታ ሽንሌ ደርሶ ተመለሰ!

ንጋቱ፦ ስንት ብሎን እንዳለው ስለማውቅ ነው። ከተቀመጥኩ ጀምሮ አንዷ ብትላላስ፣ አንዷ ብትወልቅስ እያልኩ ነው የምሄደው። ቁጭ ብሎ ያወራል ሰዉ፣ እኔ ብሎን እቆጥራለሁ።

እልፍነሽ፦ እኔ ስሳፈር ግን ብሎኑ ትዝ ብሎህ አያውቅም። «ደህና ግቢ» ብለህ ፊትህን ታዞራለህ።

ንጋቱ፦ አንቺ በምትሄጂበት ቀንማ ፍሬኑን ለሌላ ሰው አልሰጥም ነበር። ራሴ ነበርኩ የማየው። ከፊት እስከ ኋላ፣ እያንዳንዱን ፉርጎ።

እልፍነሽ፦ ይሄን ነግረኸኝ አታውቅም።

ንጋቱ፦ አልጠየቅሽኝም።

እልፍነሽ፦ አሁንም አልጠየቅኩህም! በዚህ እንዳትሸነግለኝ። ስለ ቀዳዳው ንገረኝ። አሻንጉሊት ካማረህ ኮምፔንሳቶ ገዝተህ ጓሮ አትሠራም?

ንጋቱ፦ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ኮምፔንሳቶው ተገዝቶ ጓሮ ቆሟል። ከትናንት ወዲያ።

እልፍነሽ፦ ታዲያ ጠረጴዛዬ ምን በደለህ?

ንጋቱ፦ ምንም።

እልፍነሽ፦ ንጋቱ፣ ስወጣ ስልኬን ፍሪጁ ላይ ነበር የተውኩት። አሁን ሰጋቱራው መሃል ነው ያለው። ማን ደወለ?

ንጋቱ፦ ሂሩት ናት።

እልፍነሽ፦ ምን አለች?

ንጋቱ፦ ዘንቢሉን አስቀምጪ እልፌ።

እልፍነሽ፦ ምን አለች ነው የምልህ!

ንጋቱ፦ አይመጡም። ልጆቹ ፈተና አለባቸው አለች። ሄኖክም እዚያው ባሕር ዳር፣ ከሚስቱ ቤተሰብ ጋር ነው። የሚመጣው ዓመት ግን...

እልፍነሽ፦ የሚመጣው ዓመት ግን።

ንጋቱ፦ «ለእማዬ አንተ ንገርልኝ» ብላኝ ዘጋችው።

እልፍነሽ፦ አንተም ነገርከኝ። በመሰርሰሪያ።

ንጋቱ፦ ስትደውል ኮምፔንሳቶውን ልበሳ ስወጣ ነበር። ስልኩን ስዘጋው መሰርሰሪያው እጄ ላይ ነው። ጠረጴዛው ደግሞ ላስቲኩን ለብሶ ያየኛል። ዘጠኝ ዓመት ሰው የሚጠብቅ ገበታ! ተናደድኩ። ላስቲኩን ገለጥኩና በሳሁት።

እልፍነሽ፦ በልጆችህ ተናድደህ ጠረጴዛ መታህ።

ንጋቱ፦ አዎ።

እልፍነሽ፦ ፈሪ ነህ።

ንጋቱ፦ አዎ። ለአንቺ መንገሩን ፈራሁ። ገብተሽ ይሄን ሳህን... እልፌ፣ ሳህን ትገዣለሽ ብዬ አላሰብኩም።

እልፍነሽ፦ ምን አዲስ ነገር ነገርከኝ? እኔስ አላውቅም? ባለሱቁ «እናቴ፣ ድግስ አለ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ብሩን ቆጥሬ ሰጥቼው ወጣሁ። አውቃለሁ እንደማይመጡ። ግን ሳህኑን ያልገዛሁ ቀን፣ ያን ቀን እኔም ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ነው። እሱን ነው የፈራሁት። ይኸው፣ ፈሪ ከፈሪ ተጋብተን ነው አርባ ዓመት የኖርነው።

ንጋቱ፦ እደፍነዋለሁ። በሰጋቱራና በሙጫ። ከላይ ቫርኒሽ ስቀባው ማንም አያውቀውም።

እልፍነሽ፦ አንተ የደፈንከው ነገር መቼ ነው ሳይታወቅ የቀረው? የጣሪያው ቀዳዳ ራሱ ከደፈንክልን ወዲህ ነው የሰፋው። ና ያዝ ይሄን ዘንቢል። ቀስ! ሳህን ነው አልኩህ!

ንጋቱ፦ ያዝኩት፣ ያዝኩት።

እልፍነሽ፦ እስክሪብቶህን አምጣ። ይሄ ቀዳዳህ በፕላኑ ላይ የቱ ጋ ነው?

ንጋቱ፦ እዚህ። ጥገናው መሃል።

እልፍነሽ፦ ጥገናውን የገበታዬ እምብርት ላይ አስቀመጥከው! ስምንት መስመር ጥገና፣ ባለ ሁለት ባቡር ሰውዬ! ሁለት ይበቃሃል። ጥግ ውሰደው፣ ወደ ጓዳው በኩል።

ንጋቱ፦ ስድስቱን ሰረዝሻቸው እኮ! ሁለት ሳምንት...

እልፍነሽ፦ ዝም ብለህ እይ። ቀዳዳህ ያለበት ድሬ ነው፤ ትልቁ ጣቢያ። ከድሬ ወዲህ ሽንሌ፣ አንተ ወርደህ የምታለቅስበት። ከዚያ አይሻ። ከዚያ ደዋሌ፤ ደዋሌ ላይ አንድ ፊናንስ አቁምልኝ፣ ሆዱን ገፋ አድርገህ ሥራው። ሰባት ሴቶችም እፈልጋለሁ፣ ፉርጎው ወለል ላይ የተቀመጡ።

ንጋቱ፦ ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሱ ሴቶች? ከየት አመጣለሁ?

እልፍነሽ፦ ከሰጋቱራና ከሙጫ! ምንም አይታወቅም አላልክም?

ንጋቱ፦ እሺ። በዚያኛው ጫፍስ?

እልፍነሽ፦ ያኛው ጫፍ የሂሩት ወንበር ነው። አዳማን እዚያ አድርገው። የሄኖክ እዚህ ጋ። ባሕር ዳር በለው።

ንጋቱ፦ ባሕር ዳር እኮ ባቡር ሄዶ አያውቅም።

እልፍነሽ፦ አንተስ የት ሄደህ ታውቃለህ? ሳለው!

ንጋቱ፦ እሺ፣ እሺ። ሳልኩት። ስለዚህ... ጠረጴዛው ላይ ፈቀድሽልኝ ማለት ነው?

እልፍነሽ፦ ማን ፈቀደልህ? በነፃ የሚገኝ ነገር የለም። በሰሙነ ሕማማት ሐሙስ አዲሱን ባቡር እንሳፈራለን። አንተና እኔ። ሰባቱን ሳህን ይዘን፣ ፋሲካን አዳማ፣ ሂሩት ቤት። ፈተና ያለባቸው ልጆች መብላት አይከለከሉም።

ንጋቱ፦ አዳማ ድረስ? በዚያ ባቡር? ሥሩን እንኳ አይቼው አላውቅም እኮ!

እልፍነሽ፦ ሌላው ሰው አይቶት ነው የሚሳፈረው?

ንጋቱ፦ እልፌ፣ ፍሬኑን ማን እንዳየው ሳላውቅ እንዴት ብዬ...

እልፍነሽ፦ የሆነ ሚስቱ የተሳፈረችበት መካኒክ አይቶታል። አጠገቤ ትቀመጣለህ፣ ብሎንህን ትቆጥራለህ፣ አዳማ ስንደርስ እቀሰቅስሃለሁ።

ንጋቱ፦ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስልሻል?

እልፍነሽ፦ አልመሰለኝም። ልታለቅስም ትችላለህ፤ ፊትህን ወደ መስኮቱ ታዞራለህ፣ ታውቅበታለህ። አሁን ንገረኝ፣ አዳማ ላይ መብራት እንዲበራ ምን ያስፈልጋል?

ንጋቱ፦ ከሥር ሽቦ መምጣት አለበት። እንግዲህ እዚያም ላይ አንድ ሌላ... አይ፣ ይቅር። ጨለማ ይሁን።

እልፍነሽ፦ የልጄ ቤትማ ጨለማ አይሆንም፤ ዞር በልና መሰርሰሪያውን ስጠኝ፣ ይሄኛውን የምበሳው እኔ ነኝ።