የጓሳ ዳር በጎች ሲታመሙ በስልክ ሽቦ የላክነው ፋይል

በእኛ ጊዜ ኮምፒውተር እንደ አሁኑ ኪስ የሚገባ መሰለሽ? ኧረ ተይኝ! ጠረጴዛ ሙሉ ነበረች። መሐል ሜዳ ከተማ፣ የእንስሳት ጤና ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ነው፤ ወንዶቹ ተጋግዘው ከመኪና አወረዷት። እና ከእሷ ጋር ሞደም የሚሉት ሣጥን መጣ፤ ስልኩን ከኮምፒውተሯ የሚያገናኝ ነው። በዚያ ሣጥን በኩል፣ እዚህ መንዝ ቁጭ ብለሽ፣ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለውን ትልቁን ኮምፒውተር ታናግሪዋለሽ፤ የእሱ ጽሑፍ አንቺ ፊት ይወጣል፣ ያንቺ ፋይል በስልክ ሽቦ ወደሱ ይሄዳል። ይታይሽ እስቲ!

ታዲያ ያን ክረምት ጓሳ ዳር፣ ከደጋው ሣር ሜዳ ጠርዝ፣ ያሉት በጎች በፈንጣጣ ተያዙ። በግ ለመንዝ ሰው ምን እንደሆነ አንቺ አታጪውም፤ ልብሱም፣ ግብሩም፣ የልጁ ትምህርትም እሱ ነው። ክትባቱ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ የሚለቁት ደግሞ በየቀበሌው ስንቱ እንደታመመ፣ ስንቱ ጤነኛ እንደቀረ ሲያዩ ነው። መንገዱን ጭቃ ቆርጦታል፣ አውቶቡስ የለም። በስልክ እናንብብላቸው ብንል "ሃምሳ" ስትዪ "ሠላሳ" ነው የሚሰማቸው። እና ዶክተር ዘውዴ፣ የእንስሳት ሐኪማችን፣ ያኔ ወጣት ነው፣ "ከዚህች ማሽን በቀር መውጫ የለንም" አለ።

ግን በምን ፕሮግራም? የአዲስ አበባው ባለሙያ ከማሽኗ ጋር ሁለት ፍሎፒ ዲስክ ልኮልናል፣ ሁለት ፕሮግራም፤ "አንዱን ምረጡ፣ እኔም እሱኑ ከፍቼ እጠብቃችኋለሁ" ብሎ። የኛዋ ማሽን ሆዷ ጠባብ ነው፣ ሁለቱን ባንዴ አትችልም።

አንደኛው ወይ ውበት! ሰማያዊ ላይ ቢጫ ጽሑፍ፣ ዙሪያውን ሐረግ በሐረግ። ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ገና ሲያዩት፣ "ይሄ ነው! ይሄ ነው! ሠርግ ቤት አይመስልም? ፍጥነቱስ!" አሉ። ሁለተኛው ጥቁር፣ ነጭ ፊደል፣ በቃ። "ይሄማ ለቅሶ ቤት ነው" አሉ።

ዶክተር ዘውዴ ግን መመሪያውን አንብቦታል። "ጋሼ፣ ያ የወደዱት ፋይሉን ባንድ ትንፋሽ ነው የሚለቀው፤ ጥቁሩ ግን ቆራርሶ ነው የሚልከው። አንዷን ቁራሽ ይልክና 'ደረሰችህ?' ይላል፤ 'ተበላሽታለች' ካለው ያችኑ መልሶ ይልካል።"

"እንዲህ እየጠየቀማ መቼ ሊደርስ ነው? ለመስቀል?"

"የኛን ስልክ ያውቁት የለ!"

"ስለማውቀው እኮ ነው ፈጣኑን የምለው! ሳይቆረጥ ሹልክ ብሎ እንዲያልፍ!"

ሁለቱም እውነት አላቸው፣ አየሽ። ሲከራከሩ ሲከራከሩ፣ አቶ ደምሴ ወደኔ ዞሩና፣ "የሺ፣ የምትሠሪባት አንቺ ነሽ፤ ሁለቱንም ሞክሪና በሚደርሰው እንሂድ" አሉኝ።

እና በማግስቱ የበጎቹን ቁጥር ሁሉ ፋይል አድርጌ ጻፍኩና ስልክ ቤት ደወልኩ። መስመር የሚያገናኙት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ያለ እሳቸው እጅ ከመንዝ ቃል አይወጣም። "እባክዎ አዲስ አበባን ያገናኙን።" አገናኙን። ሞደሙ ጢጢጢ፣ ሺሺሺሽ አለ፣ በሠርግ ቤቱ ጀመርን። ቢጫው መስመር ይረዝማል፣ ይረዝማል፤ አቶ ደምሴ ያጨበጭባሉ፤ ሊያልቅ ነው ስንል እትዬ አስካለ ጥልቅ! "ሃሎ! ሃሎ! ጨርሳችኋል? ምንድነው የሚጮኸው?" ድርግም! ሁሉም ጠፋ። ከመጀመሪያው ጀምሩ አለን። ጀመርን። ደግሞ ነፋሱ ሽቦውን አጋጨውና ድርግም! አቶ ደምሴ ራሳቸውን ያዙ።

ታዲያ ለአዲስ አበባው ሰው ነግረን፣ ሠርግ ቤቱን ዘግቼ ጥቁሩን ከፈትኩት። ቁጥር ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ ቀስ እያለ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ። እና ደግሞ እትዬ አስካለ ገቡ! "ሃሎ! ልጆች፣ ወፍ ነው ያስገባችሁብኝ?" ቁጥሩ ቀጥ! እጄ ወደ ማጥፊያው ሊሄድ ሲል ዶክተር ዘውዴ፣ "አትንኪው! አትንኪው!" ብሎ ጮኸ። "እንደገና እየላክሁ ነው" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ... ከዚያ ቁጥሩ ንቅንቅ! "ሄደ! ሄደልኝ!" አልኩ፤ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። እና ሲያልቅ ያ የአዲስ አበባው ሰው አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ጽፎ ማሽኗ ላይ መጣልኝ፣ ፊደል በፊደል፣ ዓይኔ እያየ፦ "ደረሰኝ። አንድም አልጎደለ።" እልልታዬን አቀለጥኩት! ቢሮ ነው አላልኩም! አቶ ደምሴ ዶክተሩን አቅፈው፣ "ለቅሶ ቤትህ ይባረክ!" ይላሉ።

ክትባቱ በበረዶ ሣጥን፣ ጭቃው እስከፈቀደ በመኪና፣ ከዚያ በፈረስ ጓሳ ዳር ደረሰ። የታመሙት ብዙዎቹ አልተረፉም፣ አልዋሽሽም። ያልተነኩት መንጋዎች ግን ዳኑ።

ታዲያ መስከረም ላይ አንድ ባላገር፣ አያ ወልዴ የሚባሉ፣ ቢሮ መጡና "ያቺ ማሽን የቷ ናት?" አሉ። አሳየኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቷ ቆሙ። "አንቺ፣ በጎቻችንን እንዳተረፍሽ እግዜር ዕድሜሽን ያርዝመው! ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ!" ብለው ጠበቁ። ወደኔ ዞሩና፦

"አሜን አትልም እንዴ?"

"አያ ወልዴ፣ እሷ እኮ አፍ የላትም።"

"እንግዲያው አንቺ በይላት እንጂ ልጄ! ምርቃት መሬት ይወድቃል?"

"አሜን!" አልኩላት። ዶክተር ዘውዴም አሜን አለ። አቶ ደምሴማ ከሁላችንም በላይ ጮኸው ነው ያሉት። ሃሃሃ! ኮምፒውተር የተመረቀችው በእኔ ዓይን ፊት ነው፣ ልጄ!